ባዶው ቀይ ማህደር

አለፍኩ ዳርላ። ሰባ አራት አመጣሁ፤ ማለፊያው ሰባ ነው። ሰላምታው ይቆየን፣ ይሄንን ሳልነግርሽ "ውድ" ብዬ መጀመር አቃተኝ።

ውድ ዳርላ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደስ ብሎኛል፤ ግን ፍርሃቱ አሁንም አልለቀቀኝም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲፈራ የኖረ ሰው በአንድ ቀን አይድንም መሰለኝ።

ነገሩን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የምረቃችን ቀን በስም ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ መድረክ ላይ የተሰጠኝን ቀዩን የዲፕሎማ ማህደር ገለጥ ሳደርገው ዲፕሎማ የለበትም። "የአሜሪካ መንግሥትና ኢኮኖሚ ትምህርት ጎድሎሻል፣ ቢሮ ነይ" የምትል ብጣሽ ወረቀት ብቻ። ብጣሿን ቀምተሽ ጫማሽ ውስጥ ከተትሽና፣ "ዝጊው፤ ፈገግ በይ፤ እናትሽ ፎቶ እያነሳች ነው" አልሽኝ። ዘጋሁት፤ ፈገግም አልኩ። እማዬ ባዶውን ማህደር ከእጄ ተቀብላ ሳሎን መደርደሪያው ላይ፣ ከአባዬ ፎቶ አጠገብ አቆመችው። እስካሁን እዚያው ነው።

የዚያን ትምህርት መምህር፣ ሚስተር ሃውገንን አስታወስሽው? ዓርብ ዓርብ አንድ ሰው ከፊት አስነስቶ ካርድ እያነሳ ቃል ይጠይቅ ነበር። ሁላችንም መቶ ቃል በገዛ እጃችን ካርድ ላይ ጽፈን፣ ከፊት ቃሉ ከኋላ ፍቺው፣ በብረት ቀለበት አስረን እንድንይዝ አዝዞን ነበር። እቤት መቶውንም አውቃቸዋለሁ፤ ሰሌዳው ፊት ስቆም ግን ጉሮሮዬ ይዘጋል። "ሮንዳ፣ ለወሬ ሲሆን ይሄን አፍ ማን ይዘጋዋል?" ብሎኝ ክፍሉ በሳቅ ሲያውካካ፣ አንቺም ስቀሻል፤ ይቅር ብዬሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ሽንት ቤት ተደበቅሁ። መጨረሻ ላይ ካርዶቼን ከነቀለበታቸው እቤት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣልኳቸው።

ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስቀጠር ቅጹ ላይ "ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰዋል?" ይል ነበር። "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከቢሮ ሰው ወደ ወጥ ቤት በመጣ ቁጥር፣ ያ ሰው ወተት ሊቆጥር ይሁን ሌላ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት አማስል ነበር።

ዘንድሮ በጃንዋሪ የወጥ ቤት ኃላፊያችን ጡረታ ወጣችና በእሷ ቦታ እኔን መረጡኝ። የትምህርት ወረዳው ከሰመር ዕረፍት በፊት የዲፕሎማ ቅጂ አምጪ አለ። አልፈልግም ብል ለምን ይሉኛል። እሺ ብል ወረቀቱ የለኝም። ሦስት ቀን እህል አልበላሁም፣ እኔ፣ ልጆቹን ሁሉ ብሉ ብሉ የምል ሴትዮ።

ለአዋቂዎች ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትምህርት እንዳለ ሰማሁ። የጎደለችሽን አንዲት ትምህርት ተፈትነሽ ካለፍሽ ዲፕሎማው ይሰጥሻል። ፀጉሬን በሻርፕ ሸፍኜ ሄድኩልሽ። መምህሯ ብድግ አለች።

"ሚስ ሮንዳ? የወጥ ቤቷ ሚስ ሮንዳ አይደሉም?"

"አይደለሁም" አልኳት።

"ድንች አብዝተው ይጨምሩልኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?"

ኬትሊን ናት፤ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። "ቀጫጫ ስለነበርሽ ነዋ" አልኳት። ሻርፑን ቀስ አድርጋ ከራሴ ላይ አወረደችና፣ "ለማንም አልናገርም፤ ይቀመጡ" አለችኝ።

ቃላቱ ያው የድሮዎቹ ናቸው። አሁን ግን ገቡኝ። ሾርባው ላይ ስንት ጨው እንደሚገባ ዋሽንግተን ይወስናል፣ ግዛቱ የራሱን ይጨምርበታል፣ ጭልፋውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ፌዴራሊዝም ማለት ይኸው ነው። ፒዛ ቀን ሰልፉ በር ድረስ ሲሄድ፣ ባቄላ ቀን ትሪው ሳይነካ ሲመለስ፣ አቅርቦትና ፍላጎት ነው። በምክር ቤት ንግግር እያራዘሙ ድምፅ እንዳይሰጥ ማጨናገፍ የሚለውን ሳነብማ፣ ያኔ "ይሄ ላንቺ የተፈጠረ ነው" ያልሽኝን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

የፈተናው ቀን መቶ ጥያቄ፣ የተሰጠን ጊዜ ሁለት ሰዓት። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስደርስ፣ "አንድ ነገር ስንመርጥ የሚቀርብን ሌላው ነገር ምን ይባላል?" ይላል። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ግን እማዬ ትዝ አለችኝና ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። እመለስበታለሁ ብዬ ዘለልኩት። መልስ መስጫው ላይ ግን ረድፉን አልዘለልኩም። መቶኛውን ላጠቁር ስል እርሳሴ ዘጠና ዘጠነኛው ላይ ቆሟል። ዳርላ፣ ከሠላሳ ስምንት ጀምሮ ሁሉም በአንድ ረድፍ ተንሸራቷል።

ሰዓቱን አየሁት፤ አስራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶኛል። እጄን አወጣሁ። ኬትሊን መጣች፣ ወረቀቱን አየች፣ ፊቷ ነጭ ሆነ። "መርዳት አይፈቀድልኝም" አለች በሹክሹክታ። ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው፤ እግሬ ወደዚያው ዞሮ ነበር፤ ሳልዋሽሽ። ተነስቼም ነበር። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና ላጲሴን አነሳሁ። ስድሳ ምናምኑን ረድፍ ሳጠፋና ሳጠቁር ወረቀቱ ሰባ አንደኛው ላይ ተቀደደ። ደወሉ ሲደወል ሠላሳ ስምንተኛውን አጠቆርኩ። የቀረ ዕድል ዋጋ ነው የሚባለው።

ከሳምንት በኋላ ማረሚያ ማሽኑ ወረቀቴን አልቀበልም ብሎ ተፋው ተባለ። በእጅ ይታረም ተብሎ አስራ አንድ ቀን ቆየ። በእነዚያ ቀናት ስልክ ሲጠራ ሾርባ ደፍቻለሁ።

ዲፕሎማው ማክሰኞ በፖስታ ደረሰኝ። ያሰብኩትን ልንገርሽ፦ እማዬ ሳታየኝ ማህደሩ ውስጥ ከትቼ ልዘጋው፣ ነገሩም እንዲያልቅ። ቤቷ ስደርስ ጓሮ ቲማቲም እየተከለች ነበር። ማህደሩን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ከበደኝ። ስከፍተው፣ መቶ ካርድ፣ በብረት ቀለበት የታሰረ። የእኔው ጽሕፈት። አንደኛው ላይ ያኔ ቆሻሻው ውስጥ የነካው የቡና አተላ እስካሁን አለ።

እማዬ ጓንቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማለች።

"መጣልሽ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከማግስቱ ጀምሮ። አቧራ ስጠርግ የማልከፍተው ነገር አለ እንዴ?"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችና ተቀመጠች። "ብናገር መምጣት ታቆማለች ብዬ ፈራሁ። ማፈር ስትጀምሪ ሰው ቤት አትረግጪም፤ አውቅሻለሁ። ካርዶቹን አንድ ቀን ትፈልጋቸዋለች ብዬ አነሳኋቸው።"

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሁለታችንም በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ማህደር ፊት፣ እርስ በርስ ስንፈራራ። "ስንመርጥ የሚቀርብን" የምትለዋን ሠላሳ ስምንተኛ ጥያቄ አሁን በደንብ መለስኳት።

እንግዲህ ፍርሃቱ አላለቀም። ዲፕሎማው ላይ የዘንድሮ ቀን ነው ያለው፤ ያየው ሁሉ አስራ ዘጠኝ ዓመት እንደዋሸሁ ያውቃል። ትናንት ራሴ ይዤው ወረዳው ቢሮ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ሐሙስ፣ ጁን አስራ ሁለት እናሳውቅሻለን" አለኝ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ለእማዬ ስነግራት ምን አለች መሰለሽ? "እንግዲያው የምረቃሽ ግብዣ ከሐሙስ በኋላ ነው። ቢያባርሩሽም ዲፕሎማውን አይነጥቁሽም።"

ጋራዡን እየጠረገች ነው። ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ያ የአስራ ስምንት ዓመት ልጆች ሲመረቁ ሣር ላይ የሚተከለው፣ አሠርታ ከመንገዱ ዳር ተክላዋለች፤ መኪና ሁሉ እያየው ያልፋል፤ እኔ በመስኮት መጋረጃውን ገለጥ እያደረግሁ አየዋለሁ። የወጥ ቤቱ ሴቶች፣ ኬትሊን፣ ሚስተር ሃውገን ሳይቀር ተጠርቷል፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ "ካርዶቹን ይዘሽ ጠብቂኝ" ብሏል። እቆምለታለሁ። ጉሮሮዬ ከተዘጋ አጠገቤ ሆነሽ "ፈገግ በይ" ትይኛለሽ፤ ስለዚህ መቅረት የለም። ያቺን ብጣሽ ከጫማሽ አውጥተሽ ጥለሻት ካልሆነ ይዘሻት ነይ።

ሮንዳሽ

ቅዳሜ፣ ጁን አስራ አራት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እማዬ ጋራዥ ውስጥ። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ሁላችሁም።