በበሩ የማያልፍ አልጋ

ሰኔ 4

ማተሚያ ቤት ዋልኩ። የመጪውን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ጀምረናል። ወሮቹን በተራ መደርደር፣ ጠርዙን ማስተካከል፣ ማጣበቅ። ሆዴ ከጠረጴዛው ስላራቀኝ እጄ አልደርስ ብሎኛል። አጠገቤ የምትሠራዋ ሬዲዮ (ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ ስሟን ሁላችንም ረስተነዋል) "ልጁን ከአሁኑ ሥራ አስለመድሽው" ትለኛለች።

ቤት ስገባ ባሌ ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው። ፀጉሩ ሁሉ የእንጨት ብናኝ። ጓደኞቹ "ሜትር" ነው የሚሉት፤ አናጺ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሳይለካ ውሃ አይጠጣም። የልጁን አልጋ እዚያው ክፍል ውስጥ እየገጣጠመው ነው። ያሳየኛል፦ ሕፃን ሳለ እንዲህ… አምስት ዓመት ሲሞላው ይሄኛው መከለያ ይነሳል… ትምህርት ቤት ሲገባ ከሥሩ ጠረጴዛ ይሳባል… ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ይረዝማል።

"ሲያገባስ?" አልኩት።

"እሱንም አስቤበታለሁ።"

አልሳቀም። የምሩን ነው!

አንድ ብሎን የለውም። ሁሉም በኮላ። "ይሄ አይነቀልም" እያለ መታ መታ አደረገው። ድክም ብሎኛል። ግን ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 9

በልጁ ትምህርት ቤት ምርጫ ተጣላን። ገና ላልተወለደ ልጅ! እሱ ቅርቡን ይላል፣ እኔ ጥሩውን። ተኮራረፍን። ከዚያ ልጁ ረገጠኝ። የባሌን እጅ ይዤ ሆዴ ላይ አደረግኩለት። ታረቅን።

ሰኔ 13

ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ዝም ብሏል። ተኝቶ ይሆናል…

ስኳር በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። በግራ ጎኔ ተጋደምኩ። ሬዲዮ "የእኔዋም እንዲህ እያደረገች ታስጨንቀኝ ነበር" ብላኛለች። ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

ሰኔ 14

ልቡ አይመታም አሉኝ።

ሰኔ 25

እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ ነበር የሰነበትኩት። ወለድኩት። ወንድ። ሳያለቅስ ተወለደ። ሲቀብሩት እኔ ገና ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር።

ሜትር ሐኪሟን መንገድ ዘግቶ "ለምን?" ይላታል። "አንዳንዴ ምክንያቱ አይታወቅም" አለችው። "እንዴት አይታወቅም?" ደግሞ ጠየቃት። ደግሞ። እኔ አልጠየቅኩም። ቢነግሩኝስ… ይመልሱልኛል?

ጡቴ ወተት ይዟል። ልጁ እንደሌለ የነገረው የለም።

ሐምሌ 3

አማቴ መጡ። ሳይደውሉ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥለው።

ሜትር በሩ ላይ እንደቆመ "እማዬ፣ እስከ መቼ ነሽ?" አላቸው።

"እስቲ መጀመሪያ ልግባ።"

ገቡ። አቀፉኝ። አይዞሽም፣ ሌላ ትወልጃለሽም አላሉኝም። እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ሳህኔን በሙሉ እንደ አዲስ አጠቡት። ንጹሕ ነበር እኮ!

ሐምሌ 8

እራት ላይ ሜትር ጀመረ።

"ሐኪሟ ስድስት ወር እረፉ ብላለች። ስለዚህ ጥር… ከጥር ዘጠኝ ወር ብንቆጥር…" ጣቱን ያጥፋል። "የዛሬ ዓመት ከምናምን እኮ…"

"ስለ እሱ አንድ ቃል አውርተኸኝ አታውቅም" አልኩት።

"ስለ ማን?"

ስለ ማን! ስለ ማን አለኝ!

አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እሱም ወዲያው ገባው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ከአፉ ወጥቷል። ተነስቼ መኝታ ቤት ገባሁ። "ወደፊት ማየት አለብን" ሲል ይሰማኛል ከኋላዬ። የቱ ወደፊት? ያኛው ወደፊት ተቆጥሮ፣ ተለክቶ፣ አልጋ ተሠርቶለት ምን ሆነ?

ሐምሌ 11

ሜትር ሥራ ቦታው፣ አናጺ ቤቱ ማደር ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ። "ሥራ በዝቶብኝ" ይላል። እኔም እሺ እላለሁ። ሁለታችንም እንዋሻለን።

ሐምሌ 15

ሥራ ተመለስኩ። ዛሬ ያጣበቅኩት አንድ እሽግ ቀን መቁጠሪያ በሙሉ ነሐሴ የለውም። ዘልዬዋለሁ። ሳላውቅ። ልጁ ሊወለድ የነበረው ነሐሴ ላይ ነው።

አለቃዬ አንዱን አነሱ፣ ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። ሰውየው ለአንዲት የቀለም ጠብታ ጣራ የሚያናጉ ናቸው። ዛሬ ግን "ደህና ነው፣ እናስተካክለዋለን" አሉኝ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማ ሰው አላስገባም አለች። ምንም አላወራችም። ሬዲዮ!

ሐምሌ 22

አልጋውን ሊያወጡት መጡ። ሜትርና የሥራ ባልደረባው ግንዲላ። እኔ ነኝ ከዓይኔ አርቁልኝ ያልኩት።

አነሱት። በር ላይ ደረሱ። አልወጣ አለ። አዞሩት… አልወጣም። በጎኑ አቆሙት፣ አዘነበሉት፣ ግንዲላ ጣቱ በሩ ላይ ተቀርቅሮ ተሳደበ።

"አንተ ሰውዬ፣ በሩን አልለካኸውም እንዴ?" አለው። "አንተ!"

ሜትር አልጋውን ይዞ ቆመ።

"ይወጣል ብዬ መች አሰብኩ…"

እንደዚህ ብሎ መሬት ቁጭ አለ። አለቀሰ። ከተጋባን ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ግንዲላ ጣቱን እየጠባ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ ብራመድ እደርስበታለሁ። አልተራመድኩም። ልቤ ለእሱ እየደማ እግሬ እንቢ አለኝ። ለምን? እሱ ሲያለቅስ የእኔ ለቅሶ የሚያልቅብኝ መሰለኝ?

"መጋዝ ላምጣ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ተወው።"

ወጥቶ ሄደ።

ሐምሌ 23

ከሥራ ስመለስ ትንሿ ክፍል ውስጥ ሰው ያንኮራፋል። አማቴ! ጉልበታቸውን አጥፈው አልጋው ላይ።

"እማማ… እዚህ ለምን ተኙ?"

"ወገቤን ሳሎን ያለው ወንበር ጨረሰው። ይሄ ለእኔ ልክ ነው፣ ቁመት ስለሌለኝ።"

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ሳላስበው ለቅሶ ሆነ፤ አጠገባቸው ጋደም አልኩ። ፀጉሬን እየዳበሱ አወሩኝ።

"ልጄ ክፉ አይደለም። አባቱ ጠዋት ስቆ ወጥቶ ከሰዓት ሬሳው መጣ። ይሄው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነገን ካልለካ እንቅልፍ አይወስደውም።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ መለካቱን ያኔ ተውኩት። የመጣውን እቀበላለሁ። የሄደውን ግን አልቅሼ ነው የምሸኘው። እሱ ማልቀሱን ትቶ ለሚመጣው ቤት ይሠራል።"

ነሐሴ 16

ዛሬ ነበር።

ነሐሴ 24

ሜትር ልብሱን ሊወስድ መጣ። አናጺ ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ልከራይ ነው መሰለኝ አለ። ሸሚዞቹን ሲያጥፍ አየሁት፣ ጠርዝ በጠርዝ።

"እስከ መቼ?" አልኩት። እንደ አማቴ ሳልሆን እንደ እሱ ጠየቅኩ።

"አላውቅም።"

ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ፈራሁ። እህቴ "እኔ ጋ ነይ፣ እረፊ" እያለችኝ ነው። ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም። እወደዋለሁ። እዚህ ላይ ልጻፈው እንጂ ለእሱ መንገር አቅቶኛል። እወደዋለሁ፣ ግን ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ መቆም አልቻልንም።

መስከረም 11

እሑድ። ሜትር መጣ። ዕቃ የሚያነሳ መስሎኝ ነበር። ባዶ እጁን ነው።

"ምን ፈለግክ?"

"እንጃ። እግሬ አመጣኝ።"

አማቴ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። "ሁለታችሁም ውጡልኝ፣ ቤቱን ልጥረግ!" ቤቱ የማን እንደሆነ እኔም ጠፍቶብኛል። ወጣን።

"ወዴት?" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣን። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መጨረሻው ላይ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር አለ።

"አትወርዱም?"

"የት እንደምንሄድ አናውቅም" አለ ሜትር።

ሹፌሩ ሁለታችንንም አየን። "እንግዲያው ተቀመጡ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እመልሳችኋለሁ" ብሎን ወረደ።

መስኮቱ ላይ ዝናብ ጀመረ። የሚቀጥለውን ሊያወራኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ጥር… ከጥር ዘጠኝ ወር…

"ጆሮው ያንቺ ነበር" አለኝ።

እኔ አላየሁትም። ሲያመጡልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ውሰዱት አልኩ። እሱ ተቀብሏቸው እንደነበር አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም።

"ይዘኸው ነበር?"

"ይዤው ነበር።"

"ብዙ?"

እጁን ይዤው እንደነበር ያወቅኩት መልሶ ሲጨብጠኝ ነው።

"ሲሰጡኝ ይሞቅ ነበር። ያንቺ ሙቀት እኮ ነው። ነርሷ አምጣው አለችኝ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልሰጥም አልኳት።"

አለቀስን። አብረን። ደረቱ ላይ ተደፍቼ ጮክ ብዬ፣ ከሰኔ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ሁሉ። እሱም ፀጉሬ ውስጥ። ሹፌሩ ተመልሶ ሲመጣ አይቶን ሞተሩን ቶሎ አላስነሳም።

"ሌላስ?" አልኩት። "ሌላ ንገረኝ።"

ጥፍሩን ነገረኝ። አገጩን። አንዱ እጁ እንደተጨበጠ ነበር አለኝ። አውቶቡሱ ሄደ፣ ሰው ገባ፣ ሞላ። የእኛ ፌርማታ ደረሰ። አልወረድንም። ገና ፀጉሩን እየነገረኝ ነበር።