ጠበቃው ያልሰማው ዕዳ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3/97፣ ጠዋት

ገና ሻዬን ሳልጨርስ ስልኩ ጀመረ። የባንኩ ሰውዬ ነው። ሙሉወርቅን ይፈልጋል። ስሜን ሲጠራው ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል። የለችም፣ እህቷ ነኝ አልኩት። አገር ቤት ሄዳለች። መቼ ትመለሳለች? እንጃ፣ እናታችን ታመው ነው። እናቴ ከሞተች ቆየች፤ እሷን ነፍሷን ይማር፣ እኔንም ይማረኝ። ስልኩን በፎጣ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እዚያም ሆኖ ያንጎራጉራል።

ነገሩን ታውቀዋለህ ደብተር፣ ግን ልድገምልህ። ሱቁ ከገና በፊት ተዘጋ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የቪዲዮ ካሴት ኪራይ። ሰው ካሴቱን ይወስዳል፣ አይመልስም። በርበሬውን በዱቤ ይወስዳል፣ የሱንም ዋጋ አያመጣም። የሱቁን ኪራይ ውል የፈረምኩት በራሴ ስም ነው። ክሬዲት ካርዶቹም የኔው ናቸው። አሁን ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ። ደሞዙ አቢዴል ሰፈር ላለችው ቤቴ ኪራይና ለአውቶቡስ ይበቃል። ለአበዳሪዎቹ አይበቃም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እኔ ላይ ያለው ምሳር በስልክ ነው የሚመጣው።

አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሰናይት ጠበቃ ያዢ ትላለች። «ባንክራፕሲ ፋይል አድርጊ፣ ኪሳራሽን አስመዝግቢና ይለይልሽ። ፈርስት ኮንሰልቴሽን እኮ ፍሪ ነው።» ነጻ ነገር ላይ ሰናይትን የሚቀድማት የለም። ሐሙስ ልሄድ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብ. 6፣ ከሰዓት

ሄድኩ። ጠበቃው ወጣት ነው። ክራቫቱ ላይ ሰናፍጭ ነክቶታል። ደስ አለኝ፣ ፍርሃቴን ቀነሰልኝ።

ብዙ አያወራም። ኪሳራዬን የሚያስመዘግበው እሱ አይደለም፤ ትረስቲ የሚባል ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ያለኝን ተረክቦ ለአበዳሪዎቹ ያከፋፍላል። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ነገርሽ ቀላል ከሆነ ለኔ የምትከፍይውን ቆጥቢ አለኝ። እንዲህ የሚል ጠበቃም አለ ለካ። የተወሳሰበ ነገር ካለ ግን ምንም ሳትፈርሚ ነይ።

የማን ዕዳ አለብሽ አለ። ባንኩ፣ ካርዶቹ፣ የሱቁ አከራይ። ሌላስ? ዘመድ፣ ጓደኛ? የለም አልኩ።

ዕቁቡን አልነገርኩትም።

ረስቼው አይደለም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ዕቁብን ከባንክ ጎን አስቀምጦ ዕዳ ነው ማለት አልሆነልኝም። ሱቅ ልትከፍት ነው ብለው፣ ዕጣ ሳይወጣ፣ የመጀመሪያውን ዙር የለቀቁልኝ ሰዎች ናቸው። ወረቀት አልፈረምኩም። ከዕቁብተኞቹ አንዱ ጋሼ መኮንን ከተቀመጡበት ተነሱና ዋሷ እኔ ነኝ አሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እጥላለሁ። ዙሩ ሊያልቅ ገና ነው። እኔ ካቆምኩ ከፋዩ ጋሼ መ. ናቸው።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ገባኝ። የደበቅኩት ባይኖር ኖሮ ጠበቃ ባላስፈለገኝ። ስለደበቅኩ ያስፈልገኛል። እሱ ደግሞ የደበቅኩትን አያውቅም።

እሑድ፣ ፌብ. 9

ዕቁብ ነበር። ድርሻዬን ጣልኩ። ለአስቤዛ ያስቀመጥኩት ነው፤ ይሄን ሳምንት ምስርና ፓስታ።

ዕጣው ለአንድ ታክሲ ነጂ ወጣ። ትራንስሚሽኑን ሊያሠራበት ነው፣ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። የዕቁቡ ዳኛ ወደኔ ዞሮ ቀጣዩ ሱቅሽ የት ይከፈት ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጋሼ መ. ሳይስቁ ሳህናቸውን ያያሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከሚሠሩበት የባቡር ጋራዥ ጡረታ ይወጣሉ። ሲሸኙኝ አይዞሽ አሉኝ። ለምን እንዳሉኝ አልጠየቅኩም።

አፈርኩ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 11

ሐሳብ መጣልኝ። የሱቁ ትልቁ ፍሪዘር አልተሸጠም። እሱን ልሽጥና የዕቁቡን ቀሪ ባንድ ጊዜ ልጣል። ከዚያ ትረስቲው ጋ ልሂድ። ባንኩ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን፣ ጋሼ መ. ይተርፋሉ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ አንሶላ አጠፍኩ።

ሰናይት አበላሸችው። ጠበቃውን ሳትጠይቂ እንዳታደርጊው አለች። ስለራስሽ ማውራት ከፈራሽ ፍሬንድ አለችኝ በዪው።

ስልኩን ከፎጣው አውጥቼ ደወልኩ። አንዲት ጓደኛ አለችኝ አልኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ጓደኛሽ ከማስመዝገቧ በፊት አንዱን ወገን ለይታ ከከፈለች፣ ትረስቲው የተቀበሉትን ሰዎች መልሱ ሊላቸው ይችላል አለ። የአበዳሪዎቿን ዝርዝርም የምታስገባው ምላ ነው አለ። ከዚያ ጓደኛሽን ይዘሻት ነይ አለኝ። ክራቫቱ ላይ ያለውን ሰናፍጭ የማያይ ሰው፣ ጓደኛዬ እኔው እንደሆንኩ አየ።

ታክሲ ነጂው በዓይኔ መጣብኝ። የትራንስሚሽኑን ገንዘብ መልስ ሲባል። በኔ ምክንያት። ፍሪዘሩ ባለበት ይቀመጥ።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 15

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ቀልጧል። ጫማዬ እስከ ካልሲው ርሷል። ኦግደን ሰፈር፣ ጋሼ መ. ቤት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሱቁን፣ ባንኩን፣ ጠበቃውን፣ ምዬ የማስገባውን ዝርዝር። ያስቆጣቸው ዕዳው አይደለም፣ ዝርዝሩ ነው። «ዕቁብ የመንግሥት ወረቀት ላይ ሊጻፍ ነው? ነገ ሰው ይፈራል፣ ዕቁቡም ይፈርሳል። አትጻፊው። የቀረውን እኔ እጥላለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

አመሰግናለሁ ልል ነበር። እውነቱን ልንገርህ ደብተር፣ እፎይ ብያለሁ። ለጥቂት ጊዜ ጠበቃም ትረስቲም የሌለበት ዓለም ታየኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ዋስ ሲሆን አልጠየቀኝም። አሁን ሲከፍልም አልጠየቀኝም። ከሁለታችን ጡረታ ነው እኮ የሚጥለው።» ከዚያ ወደኔ። «አንቺም ልጄ፣ አልጠየቅሽኝም።»

ጋሼ መ. መስኮቱን ማየት ጀመሩ። እኔ ጫማዬን። ሴትየዋ ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። ምሳ ብይ ተብዬ በላሁ፤ ሳልበላ መውጣት አይቻልም። ወጡ ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 18

ጓደኛዬን ይዤ ጠበቃው ጋ ሄድኩ። ብቻዬን ማለቴ ነው።

ዕቁብ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ማን ይመዘግበዋል? ማንም አይመዘግበውም። ገንዘቡን ይዞ የጠፋ ሰው አለ? እስካሁን የለም። ብዕሩን አስቀምጦ ሌላም ሌላም ጠየቀኝ፤ ለሥራው ሳይሆን ገርሞት ይመስለኛል።

የነገረኝ ይሄ ነው። ዕቁቡ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። ዋሱም ይገባል። ዋሱ ከከፈለ እንደ ባንኩ ተሰልፎ የሚደርሰውን ይወስዳል፤ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው። እኔ ከዕዳው ነጻ ከወጣሁ በኋላ ለዋሱ እንድከፍል ሕግ አያስገድደኝም። አይከለክለኝምም።

የመጨረሻዋን ሁለቴ አስደገምኩት። አይከለክለኝም።

አሁን ጠበቃ ያስፈልግሻል አለ። ክፍያውን በየወሩ ከፋፍዬ መስጠት እችላለሁ። እስከ ዓርብ አስቢበት። ዛሬ ክራቫት አላሰረም።

ሐሙስ፣ ፌብ. 20፣ ከሥራ መልስ

ሰናይት ዛሬም ተረተችብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሟገትኳትም።

አንድ ወገን፦ ዝም ካልኩ ጠበቃ አልከፍልም፣ ዕቁብተኛው አይሰማም፣ ጋሼ መ. ክብራቸው ይጠበቃል። ግን ምዬ እዋሻለሁ፣ እትዬ ብርሃኔም ዝም ብለው ይከፍላሉ። ሌላው ወገን፦ ከጻፍኩ ሁሉም ያውቃል። ዳግመኛ ዕቁብ ውስጥ የሚያስገባኝ አይኖርም። ይሄኛው ያመኛል። ከባንኩ ይልቅ ይሄ ያመኛል።

ስልኩን ከመሳቢያ አወጣሁ። ኦግደን ደወልኩ። ጋሼ መ. አነሱት። እትዬ ብርሃኔን ፈልጌ ነው አልኩ። ነገሩ ሳይጥማቸው አቀበሉልኝ።

ነገርኳቸው። ነገ ጠበቃ እይዛለሁ። ዕቁቡንም የጋሼንም ስም አስጽፋለሁ። ሁሉም ሲያልቅ፣ እናንተ የጣላችሁትን፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ለእርስዎ አምጥቼ በእጅዎ እሰጣለሁ። ይፈቅዱልኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከበስተጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማል። «ጻፊው። እሱን እኔ እነግረዋለሁ። ስታመጪ ደግሞ ቀን ነይ፣ ማታ አንከፍትም።»

ዘጋሁ። ፎጣውን አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ መለስኩት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

ይሄን እየጻፍኩ ጮኸ። ያው ሰውዬ፣ ያው ጠጠር። ሙሉወርቅ አለች ወይ?

አለች አልኩት። እኔ ነኝ።