ባለቀይ ጓንቱና እህቱ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስድስት የታች፣ ሁለት የላይ ጥርስ። ጀሶው ቶሎ እየደረቀ አናደደኝ። የጥርስ ሐኪሞቹ የሰው አፍ ልክ ይልካሉ፣ እኔ ጥርስ ሠርቼ እመልሳለሁ። ባለአፎቹን አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም።

ስመለስ ፌርማታው ላይ አዲስ የፊልም ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንድ ሰውዬ እጁን ወደ ላይ አንስቷል። ቀይ ጓንት... አንድ እጁ ላይ ብቻ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እሱ ነው። ባለቀይ ጓንቱ፣ የልጅነቴ ኮሚክ ጀግና! ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ትክክለኛ ስሙን ሳላውቅ የወደድኩት ሰውዬ። እኔ የኛ ቤት ብቻ መስሎኝ... ለካ ሌላ ሰውም ያውቀዋል?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ለሊቁ ነገርኩት። ሊቁ ያልነው እኛ ነን፤ ከጎኔ ተቀምጦ ጥርስ የሚያለሰልስ ባልደረባዬ ነው። የማያውቀው ኮሚክ የለም፤ ቢኖርም አላውቀውም አይልም።

"አንቺ? ኮሚክ? መቼ ነው ያነበብሽው?"

"ልጅ ሆኜ። አሥራ አንዱንም ቁጥር።"

"በኛ ቋንቋ አልታተመም እኮ።"

ወደ ጀሶዬ ተመለስኩ። ያነበብኩት እኔ አይደለሁማ። እታለም ናት ያነበበችልኝ።

እታለም አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ። እናቴ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። እንግዶች ጥለዋቸው የሄዱትን ኮሚኮች ሸጉጣ ታመጣልኝና "ቋንቋውን ሆቴል ተምሬዋለሁ" ብላ ጣቷን ከሥዕል ወደ ሥዕል እየወሰደች ታነብልኛለች። ድምፅዋን እየቀያየረች። ክፉዎቹ ሲናገሩ አፍንጫዋን ትይዛለች። እኔ ሆዴን ይዤ እንከባለላለሁ።

ከእሷ ጋር ካወራን አራት ዓመት ሆነን።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ፊልሙ ዛሬ ተጀመረ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። እንደ ልጅ ቀን እየቆጠርኩ ነው፤ ቀኑ ሁለት ብቻ ሆኖ እንኳ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሊቁ ትናንት ከሥራ ወጥቶ በዚያው አይቶት መጣ። እንዳይነግረኝ ለመንኩት። ምላሱ መች አርፎለት።

"ባለግራጫ ካባዋ እንዴት እንደምታስፈራ!"

"ለምን ታስፈራለች? እህቱ አይደለች እንዴ?"

"የማን?"

"የሱ ነዋ! እናት የላቸውም። ያሳደገችው እሷ ናት። ከኋላ ከኋላው እየሄደች ትጠብቀዋለች። ሰው ፊት ካያት ያፍራል ብላ ትደበቃለች።"

እስኪያስለው ሳቀ። የያዘውን ጥርስ ጣለው። "ኧረ ይሄን የት ነው ያነበብሽው? የምትከተለው ልትገድለው ነው! ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ!"

አንተ ምን ታውቃለህ አልኩት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። ደሜ ፈላ። ለምን ይህን ያህል?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ለባብሼ ልወጣ ስል ስልክ ተደወለ። ነገ የምታገባ ሙሽራ የፊት ጥርሷን ሰብራ... ያለ ጥርስ ትሳቅ ልበል? ሄድኩ። ቀኑ እዚያው አለቀ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

አየሁት።

መጀመሪያ ጥሩውን። ባቡሩን በአንድ እጁ ሲያቆመው የተቀመጥኩበት ወንበር ተንቀጠቀጠ። ከተማው ልክ እንደ ሥዕሎቹ ነው፤ ጣሪያዎቹ፣ ጭስ ማውጫዎቹ፣ ሁሉም። በደስታ እግሬን እያወዛወዝኩ ራሴን ያዝኩት።

ጓንቱን ግን አበላሽተውታል። የሚያብረቀርቅ ብረት አድርገውታል። በኮሚኩ ሹራብ ነበር፤ አውራ ጣቱ ላይ ተተርትሯል። "እህቱ ናት የሠራችለት፣ ክር አጥሯት ነው አንድ ብቻ የሆነው" ትል ነበር እታለም። ደግሞ ይህኛው ወሬ ያበዛል። የኔው እንዲህ ለፍላፊ አልነበረም።

ከዚያ እሷ መጣች። ግራጫ ካባዋን ለብሳ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ቆመች። ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ጦሯን አውጥታ ወረወረችበት።

"ማነሽ አንቺ?" ይላታል። ከሥር የተጻፈውን ትርጉም ዓይኔን አሽቼ አነበብኩት። ማነሽ... አያውቃትም። እህት የሚባል ነገር የለውም። ሊቁ ልክ ነበር።

ሰዉ ፈንዲሻውን ይቆረጥማል። እኔ አለቅሳለሁ። በድብድብ መሃል! ከጎኔ ያለችው ሴትዮ መሐረብ አቀበለችኝ። "አይሞትም እኮ፣ ክፍል ሁለት አለው" አለችኝ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

እታለም አታነብም ነበር። የዚያን ቋንቋ አንድ ገጽ ማንበብ አትችልም ነበር። ከሆቴል የለቀመቻቸው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ "ፎጣ" እና "ይቅርታ"። አሥራ አንዱንም ከራሷ ነው የፈጠረችው። ቀን ሃያ ክፍል አጽድታ፣ ወገቧን ይዛ ተቀምጣ።

ግን ለምን እህት? ከሥዕሉ ጥግ የቆመችውን ሴት፣ ማንም ልብ የማይላትን፣ ለምን እሷን አሳዳጊ አደረገቻት? ለምን ትደበቃለች አለች?

አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። ስለማውቅም ነው ዛሬ ሁለት ጥርስ ያበላሸሁት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

እጽፈዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጥርስ የምንሠራበት ላቦራቶሪ የተከፈተ ዕለት ነው፣ የዛሬ አራት ዓመት። የሠራተኛ ቤተሰብ ሁሉ ተጋብዟል። የሌሎቹ ሱፍ ለብሰው፣ ባለተረከዝ ጫማ አድርገው መጡ። እታለም በቀጥታ ከሥራ መጣች፣ ሰማያዊ የጽዳት ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ። እንዳይረፍድባት ሮጣ ነው የመጣችው፤ ላብ በላብ ሆናለች።

አለቃዬ "እሳቸው ማን ናቸው?" አለኝ።

"ድሮ ቤታችንን ያጸዱልን የነበሩ ሴትዮ ናቸው።"

እንዴት ከአፌ ወጣ? አጠገቤ ነበረች። ሰምታኛለች። ዞር አለችና ከጠረጴዛው ላይ ሰው የጠጣባቸውን ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመረች። ውሸቴን እውነት ልታደርግልኝ! ሁሉንም አጠበች፣ አደረቀች፣ ሄደች።

ደወለች፣ አላነሳሁም። ምን ብዬ? ዛሬ ነገ ስል መደወሉን ተወችው።

ናፍቃኛለች። እዚህ ማንም አያየኝም፣ ልጻፈው። ድምፅዋ ናፍቆኛል። አራት ዓመት ሙሉ እሷ በምትወርድበት ፌርማታ በኩል ላለማለፍ ዞሬ ስሄድ ናፍቃኝ ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለቴ። ፈሪ።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ የሚባል ሰው አላውቅም" አለችና ከፈተች። አጥራለች። ወይስ እኔ ነኝ የረሳሁት?

መንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እታለም፣ ይቅርታ..."

"ጫማሽን አውልቂ፣ አሁን ነው የወለወልኩት።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ከስተሻል ደግሞ።"

ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ አለቀስኩ። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። "ጎድቶኛል" አለች። "አልጎዳኝም ብዬ አልዋሽሽም። ልጄ ናት እያልኩ ለሆቴሉ ሰው ሁሉ አውርቼ ነበር የመጣሁት።" ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ።

ስረጋጋ ስለ ፊልሙ ነገርኳት። እህቱ አይደለችም አልኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተቆጣች። "እና ማን አሳደገው? ሜዳ ላይ በቀለ? እነሱ ናቸው ያላወቁት!"

"አላየሽውም?"

"አልገባሁም።" ጋውኗን ታጥፍ ጀመር። "ሲኒማው በር ላይ ግን ነበርኩ። ማስታወቂያውን ሳይ፣ እሷ ይህን ሳታይ አትቀርም አልኩ። ፊልሙ የተጀመረ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ቆምኩ። ዓርብም። ቅዳሜም። እሁድ እግሬ አብጦ ቀረሁ።"

እሁድ... እኔ የገባሁት እሁድ ነው። "ብታገኚኝ ምን ልትዪኝ ነበር?"

"ምንም። ከሰው ጋር ብትሆኚስ? ከሩቅ አይቼሽ ልመለስ ነበር።"

ይህን ያለችው እንደ ተራ ነገር ነው። ጋውኑን አጥፋ ጨርሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ተነስቼ አቀፍኳት። "ታንቂኛለሽ እኮ" አለች፤ እጇን ግን ከጀርባዬ አላነሳችም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ከእታለም ቤት እስከ ሥራ ቦታዬ ሁለት አውቶቡስ ነው። አላወቅኩም ነበር። ግማሽ ሰዓት አረፈድኩ። ነገም ማርፈዴ አይቀርም።