የእማማ ሻሺቱ ቤት ቁመት

ጥቅምት 11 ቀን 2003
ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። አለቃዬ አቶ ላቀው የእማማ ሻሺቱን ቤት ከቅርስ ዝርዝሩ ሰረዘው። በቀይ እስክሪብቶ፣ ስብሰባ መሃል፣ ሻዩን እየጠጣ።
«ሰባት ሜትር ጎጆ። እሱም ከሌላ ቦታ ተነስቶ በሰው ትከሻ የመጣ። ይሄ ቅርስ ከሆነ የእኔም ኩሽና ቅርስ ነው።»
ሳቁ። ሁሉም።
ሰባት ሜትር ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ... ሦስት ወር ጨንቻ ተመላልሼ። አለቃዬ አንድ ቀን እንኳ አልወጣም።
አዲሱ መንገድ በቤቱ ላይ ያልፋል። ዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ቤት ማዘጋጃ ቤቱ ምትክ ቦታ አይሰጥም። ወሩ ሲያልቅ ዶዘር ይመጣል።

ጥቅምት 12
ምሳ አልበላሁም። ተናድጄ አይደለም... ተናድጄ ነው።

ጥቅምት 13
በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቆላው፣ ከሲቀላ ወጣሁ። ጨንቻ ጭጋግ ውስጥ ነች። ለእማማ ሻሺቱ እንዴት ልንገራቸው? ነገርኳቸው።
«አጠረ አሉ?»
«አዎ እማማ።»
ሳቁብኝ። «እኔም ሙሽራ ሆኜ ስገባ ረጅም ነበርኩ። እኔንም ይሰርዙኛ።»
ያኔ ገባኝ። የቆላ ልጅ! ሦስት ወር ሙሉ ለምን አልጠየቅኩም? ምስጥ የቀርከሃውን ግድግዳ ከሥሩ ይበላል። የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ። ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ግን ይኖራል። ማጠሩ እኮ ዕድሜው ነው።
እማማ ከጣራው ሥር አንድ ድውር አወረዱ። ጭስ ያጠቆረው የጥጥ ክር። አማታቸው፣ ጣሊያን ሳይገባ፣ ቤቱን ሲሠሩ ከጫፍ እስከ መሬት የለኩበት። ከሥር በተቆረጠ ቁጥር የተቆረጠውን ያህል ከክሩ በተራ ለክተው ይቋጥሩበታል። ሰባት ቋጠሮ።
ዘረጋሁት። አሥራ አንድ ሜትር ተኩል። ከመጨረሻው ቋጠሮ ወዲያ የቀረው... ልክ ሰባት ሜትር። ሦስት ጊዜ ለካሁ። እየዘለልኩ ነበር መሰለኝ፣ እማማ «ቁጭ በይ፣ ክሩን ትረግጪዋለሽ» አሉኝ።

ጥቅምት 15
«ክር ማስረጃ አይሆንም» አለ አቶ ላቀው።
«እስክሪብቶ ይሆናል?»
«ተዪ ዕድላዊት፣ ገና ልጅ ነሽ።»
የቅርስ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ይሂድ ብዬ ለበላይ ጻፍኩ።

ጥቅምት 22
ኮሚቴው ወጣ! አቶ ላቀውም አብሮ። ክሩን ሣሩ ላይ ዘረጋን። ቤቱን በረጅም ቀርከሃ ራሱ ለካ፤ ሰባት። ከክሩ የቀረውን ለካ፤ ሰባት። ቀርከሃውን ወደ ጎን ጣለ።
«እሺ... ከቦታው መነሳቱስ?»
የእማማ ጎረቤት አያ ኤርጫፎ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እርስዎም ከአዲስ አበባ ተነስተው ነው የመጡት፣ አቶ ላቀው። ላቀውነትዎ እዚያ ቀረ?»
ዛሬም ሁሉም ሳቁ። ዛሬ ግን በእኔ አልነበረም።
ቤቱ ተመዘገበ። ምትክ ቦታ ተሰጠው፣ ከመንገዱ መቶ እርምጃ ላይ።

ጥቅምት 27
ቤት ሲሄድ አየሁ።
ስልሳ ወንድ ይሆናሉ። ቀርከሃውን ከመሬት አላቀቁት፣ ወፍራም እንጨት አሾለኩበት፣ አያ ኤርጫፎ ጮክ ብለው ሲያዜሙ ተቀበሏቸውና... ተነሳ። የዝሆን ፊት የመሰለው ግንባሩ እየተወዛወዘ። ከሥሩ እግር ብቻ ይታያል። እማማ ሻሺቱ ከኋላው ድውሩን ታቅፈው። እኔ ከጎናቸው፣ እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ አላውቅም።
ሲያስቀምጡት አቶ ላቀው ቅጹን ይዞ መጣ። «ቁመት የሚለው ጋ አንድ ባዶ ቦታ ነው ያለው። ሰባት በይና እንጨርስ።»
አሥራ አንድ ተኩል ብዬ ጻፍኩ። ሰባቱን ቋጠሮ ከነልካቸው ኅዳጉ ላይ ደረደርኩ። የዛሬውን ሰባት ከሥር።
«ቅጹን አበላሸሽው» አለ።
ይበላሽ። ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ቤት የሚሰርዝ ሰው ከእንግዲህ ልጅ ነሽ ሲለኝ አልቀበልም። የቤቱን ባለቤት ሳትጠይቅ ሜትር የምትዘረጋ ዕድላዊትንም አልቀበልም።