ከድሬዳዋ የመጣው ጀላቲ

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ግንቦት 17 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህም ለተቀየምኩህም ለይገዙ፤
መልካ ወረር፣ የጥጥ እርሻው ጽሕፈት ቤት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ሙቀቱ ፈጀኝ እንጂ ደህና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት። ከዚህ በላይ ሰላምታ አትጠብቅ፤ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ከተናደድኩም ሰንብቻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የላክህልኝን ደብዳቤ ታስታውሰዋለህ። “እርሻውን የሚጎበኙ ትልልቅ እንግዶች አሉብን፤ ያንን የምትሠሪውን ነገር ሠርተሽ በሾፌራችን በጀማሉዲን መኪና ላኪ፤ ለማንም አታውሪ” አልከኝ። ያንን የምትሠሪውን ነገር! ስሙን መጥራት እንኳን ተናነቀህ። ጀላቲ ይባላል፣ ይገዙ። አምና “የጸሐፊ ሚስት ባቡር ጣቢያ ቆማ ለመንገደኛ ጀላቲ ትሸጣለች ተባልኩ፤ አንገቴን አስደፋሽኝ” ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ? ለመንገደኛ ሲሆን ነውር፣ ለአለቆችህ ሲሆን ክብር የሚሆነው በየትኛው አገር ሕግ ነው?

ቢሆንም ሠራሁት። ስላዘዝከኝ አይምሰልህ፤ መሥራቱን ስለምወድ ነው። የግሪኩ መካኒክ ሚስት አገሯ ስትገባ የጀላቲ መኪናዋን ትታልኝ ከሄደች ወዲህ በዚህ ቃጠሎ አገር እንደሱ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። በረዶውን ፈጭቼ፣ ጨው ነስንሼ፣ ባልዲውን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ እጀታውን ሳዞር ቆይቼ፣ ወተቱ መርጋት ሲጀምርና እጀታው እጄ ላይ ሲከብደኝ የሚሰማኝን ደስታ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጋዜጣህን ከፊትህ አላነሳህም።

ያንን የእንግዳ ጀላቲ ለመሥራት ምን እንዳየሁ ደግሞ ስማ። በረዶው ከድሬዳዋ በሰጋቱራ ተሸፍኖ በባቡር ነው የሚመጣው፤ የባቡሩን ጠባቂዎች ለምኜ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀልጦ ነው የደረሰልኝ። ለሽያጭ የማወጣውን በቆርቆሮ ወተት እሠራለሁ፤ ያንተን እንግዶች ግን የቆርቆሮ ወተት ማብላት አፈርኩና ሁሪያ ዘንድ ሄድኩ። ከሐዲዱ ማዶ የሰፈሩት አፋሮች ወገን ናት፤ ታውቃታለህ። መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን ለወተቷ ገንዘብ ብዘረጋላት ተቆጥታ ስንት ጊዜ ቤቴን ሳትረግጥ ቀርታለች። እነሱ ዘንድ ወተት ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። አሁን “የባሌ እንግዶች ናቸው” ስላት ግን “እንግዳ ከሆነ ውሰጂ” ብላ በጭስ በታጠነ ዕቃዋ ጢም አድርጋ አመጣችልኝ። ጀላቲዬን የትም የማይገኝ የሚያደርገው ያ የጭስ ሽታ ነው።

ጀማሉዲን ሲመለስ እቤት ጎራ አለ። “ወላሂ የዓለምወርቅ፣ እንግዶቹ ሳህኑን ሊልሱት ምንም አልቀራቸው” አለኝ። ደስ ብሎኝ፣ “ማን ሠራው አሉ?” ብዬ ብጠይቀው ኮፍያውን ያገላብጥ ጀመር። አጥብቄ ስይዘው፣ “ጋሽ ይገዙ ከድሬዳዋ፣ ከትልቅ ሆቴል ያስመጣሁት ነው አሉ” አለኝ።

እኔ በረዶ ስፈጭ መዳፌ ተልጦ፣ ሆቴል ይመስገን? በማግስቱ ሁሪያ ዕቃዋን ልትወስድ መጥታ፣ “እንግዶችሽ ማንን አመሰገኑ?” አለችኝ። ሰጪ ነች፣ መጠየቅ ይገባታል። ሆቴል ማለት አቃተኝና “ባሌን” አልኳት። “ደግ ነው” ብላ ሄደች። ላንተ ብዬ ያቺን ደግ ሴት ዋሸኋት።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ ሥራ አስኪያጃችሁ አዲስ አበባ ሊሄድ መጥቶ ባቡሩ ዘገየበት። ጥላ ፍለጋ ጀማሉዲንን አስከትሎ ደጃችን ድረስ መጣ። ባልዲውን አይቶ ምንድነው ቢለኝ፣ ለእናቴና ለጎረቤት ብዬ በሁሪያ ወተት የሠራሁት ነበርና አንድ ሳህን አቀረብኩለት። አንድ ጊዜ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ይህን የጭስ ጣዕም አውቀዋለሁ” አለ። “ለእንግዶቻችን ከድሬዳዋ የመጣው ነው። ሆቴሉን ብናስጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተን አናውቅም አሉን፤ ጸሐፊያችን ደግሞ ሌላ ሆቴል ነው ይላል። ሆቴሎቹ ካንቺ ነው እንዴ የሚገዙት?”

“እንጃ ጌታዬ” አልኩ። ጀማሉዲን ከኋላው ሆኖ በዓይኑ ይለማመጠኛል። ሰውየው በልቶ ሲጨርስ ሊከፍለኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ይህ የሚሸጥ አይደለም፣ ወተቱ የእንግዳ ነው አልኩት። ሳቀና፣ “እንግዲያው የማን እንግዳ ነኝ? ባለቤትሽ ማን ይባላል? ላመስግነው” አለኝ።

ስምህ ምላሴ ላይ ነበር። ብጠራው የሠራሁት እኔ መሆኔ ይታወቅልኛል፤ አንተ ግን ባለቃህ ፊት ውሸታም ሆነህ ትቀራለህ፤ ምናልባትም እንጀራህ ይቋረጣል።

“ባል የለኝም” አልኩት።

ላንተ ስል ነው ያልኩት። እናቴ ግን ጓዳ ሆና ሰምታ እስከ ዛሬ በደንብ አታናግረኝም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ ቃሉ ምንም ሳይከብደኝ ከአፌ መውጣቱ። ከተጋባን ጀምሮ ሚስትህ መሆኔን ከአለቆችህ የምትደብቀው አንተ ነበርክ፤ እኔም ለካ ሳላውቀው ለምጄዋለሁ። ይህን ስጽፍልህ አልቅሻለሁ፤ ንዴትም አለበት።

ሥራ አስኪያጃችሁ ሳይሄድ፣ ለሠራተኛው ክበብ በየሐሙሱ ጀላቲ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። በቆርቆሮ ወተት የምሠራውን ከሆነ እሺ አልኩ። ይህ ከተሳካልኝ ጣቢያው አጠገብ ያለችውን ባዶ ክፍል እከራያለሁ፤ ጠረጴዛና ወንበር አስገብቼ፣ መንገደኛው ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዲበላ አደርጋለሁ። በሯ ላይ ስሜን አጽፋለሁ። አትሞክረኝ፣ አልተውም።

የፊታችን ሐሙስ በሰው እጅ አልልክም፤ የጀላቲ መኪናዬን ታቅፌ ራሴ ከጀማሉዲን ጋር እመጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን ከአዲስ አበባ ተመልሶ እንደሚጠብቀኝ ነግሮኛል። የምወርደው ጽሕፈት ቤትህ በር ላይ ነው። “ይገዙ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ?” ማለቱ አይቀርም። እኔ አፌን አልከፍትም፤ ያንተን መልስ ቆሜ እሰማለሁ። ሚስቴ ናት ካልክ ስለ ሆቴሉ የሚደርስብህን እፍረት አጠገብህ ሆኜ እካፈልሃለሁ። አላውቃትም ካልክ ግን ባል የለኝም ያልኩት የማክሰኞው ቃሌ ውሸት መሆኑ ይቀራል።

እስከዚያ መድኃኔዓለም ከወባውም ከፀሐዩም ይሰውርህ። አጎበርህን ሳትዘረጋ አትተኛ፤ ኪኒንህን መራራ ነው ብለህ አትትፋ። እናቴ ትስምሃለች።

የዓለምወርቅ