ስለ ብረት ወታደሮች ምንም ላላለው የደንብ ኮሚቴ

ለተከበራችሁ የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ጨዋታ ማኅበር የደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሯችሁስ? ይህን መጠየቄ፣ ላለፉት አሥራ አራት ወራት ከአንዲት መስመር ማስታወቂያ በቀር (ወደ እርሷ እመለሳለሁ) ከኮሚቴው ምንም ድምፅ ስላልተሰማ፣ ሁላችሁንም በአንድ ቀን ጉንፋን ዘግቷችሁ ይሆን ብለን ስለሰጋን ነው። ደህና ከሆናችሁ እሰየው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ምክር እንደ እናንተ አጥብቆ የያዘ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅምና፣ ዝንብ ሳይደርስባችሁ ብዙ ዘመን እንድትኖሩ እመኝላችኋለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና እኛን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ራሴን ላስተዋውቅ። የፎቶ ፍሬም ሠሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁለታችንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ወዳለው አዳራሽ እንወጣና፣ የጣት ቁመት ያላቸውን ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ አሰልፈን፣ እርምጃቸውን በሜትር እየለካን፣ ዕድላቸውን በዳይስ እየጣልን፣ የእናንተን የደንብ መጽሐፍ እያገላበጥን እንዋጋለን። እሱ ወታደሮቹን ቶሎ ከሚቀልጥ ብረት ያወጣል፣ በጥርስ መሥሪያ መርፌው ያስተካክላል፣ ቀለም ይቀባል፤ እኔ ከፍሬም ቁርጥራጭ ኮረብታና ድልድይ እሠራለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ወታደሮች አፍርተናል። ልጆች ሳለን በአንድ አልጋ ላይ ያልተጣላነውን ያህል በእነሱ ተጣልተናል፣ ታርቀናልም። አሁን ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ ከመጽሐፋችሁ ተረድቻለሁና።

አንደኛ፣ ወሬውን በተመለከተ። ነገሩን ያመጣው ከአባሎቻችን አንዱ የሆነው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እኛ ሬዲዮ እንለዋለን፣ ስለማይዘጋ። ከጽሕፈት ቤታችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ መጣና የብረት ወታደር ሊቀር ነው አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላው አባላችን ፋርማሲስቱ ቀን ቆረጠለት፤ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ፕላስቲክ ብቻ ነው አለ፣ ከምግብ በፊት ከምግብ በኋላ ብሎ እንደሚያዝ ሰው ጥርት አድርጎ። በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ልብስ ሰፊው፣ ባለሙያ ነውና፣ ለወሬው እጅጌና ኮሌታ ቀጠለለት፤ ብረቱን አቅልጦ በጡብ መልክ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረከበ ሰው በሚዛን ልክ የፕላስቲክ ወታደር ይሰጠዋል፣ ወታደሩ እንደቆመ ግን አይወሰድም፣ ለመመዘን አይመችም አለ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እኛ መላውን ትተን ወሬ ጨመርንበት። ሃያ ስድስት ትልልቅ ሰዎች፣ ባለትዳርና የልጅ ልጅ ያየን፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣን።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝምታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ መጣሁ፣ ደረጃውን ወጣሁ፣ ነፋስ እየመታ የሚዘጋውንና የሚከፍተውን በር አልፌ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኳት። ጨዋ ልጅ ናት፣ ምንም አልበደለችኝም። ውስጥ ገብታ ጠይቃ ተመለሰችና “ኮሚቴው ለወሬ መልስ አይሰጥም” አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ ስለ እናንተ ሲያወራ እናንተ አለመስማታችሁን ልረዳላችሁ ሞከርኩ። ግን ሰምታችኋል! ሰምታችሁ ነው መልስ አይሰጥም ያላችሁት። ይህችን ቃል ለወንድም ጋሼ ሳደርስለት መነጽሩን አውልቆ “ውሸት ቢሆን ውሸት ነው ለማለት ምን ያስቸግራቸዋል? ዝም ያሉት እውነት ስለሆነ ነው” አለኝ። ሰው ሠላሳ ዓመት በሚሊሜትር ሲሠራ ከኖረ፣ ደንብ የሚያወጣ ሰው በግዴለሽነት ዝም ይላል ብሎ ማሰብ አይሆንለትም።

ሦስተኛ። አንድ ጠዋት ሱቄ ውስጥ መስታወት እየቆረጥኩ ሳለ የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ፣ ደወለች። “ቶሎ ና፣ ወንድምህ ሰዎቹን እያቀለጠ ነው” አለች። ሰዎቹን ነው ያለችው። ስደርስ ስድስቱ ጡብ ቀዝቅዟል፣ ሰባተኛው በመስኮቱ ሥር እየቀዘቀዘ ነው፤ ክፍሉ የተቃጠለ ቀለም ይሸታል። ለአንድ ወታደር ዓይን ሦስት ፀጉር ባለው ብሩሽ አንድ ሙሉ ከሰዓት የሚያጠፋ ሰው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ባለ ረጅም እጀታ ማንኪያ ላይ እያስተኛ በአንድ ጠዋት ጨርሷቸዋል። የቀረው የፈረሰኞቹ አዛዥ ብቻ ነው፤ እሱም የዳነው እኔ ሱቅ ስለነበረ ነው። ወንድም ጋሼ በየጡቡ ሥር በጥርስ መርፌው የጦር ክፍሉን ስምና የሰዉን ቁጥር ጽፎበታል፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንዲቀልለት ብሎ። እንዲህ ያለ አባል አላችሁ፤ ታውቁት እንደሆነ እንጃ።

ሰባቱን ጡብ ተሸክመን መጣን። ያቺው ልጅ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች። ሳስረዳት ፊቷ ተለወጠ፣ ውስጥ ገባች፣ ተመለሰች። ኮሚቴው ስድስቱን እንድንወስድ፣ አንዱን ግን ለናሙና እንድንተው አዘዘ። ስለ ጥንቃቄያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስንመለስ ወንድሜ ደረጃውን የወረደው መደገፊያውን አጥብቆ ይዞ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በጫማው ጫፍ እየፈለገ ነው። የብረቱ ክብደት መስሎኝ ሸክሙን ተቀበልኩት። አሁንም ግን እየፈለገ ወረደ።

አራተኛ፣ ዓይኑ ነው። ሐኪሙ ለወንድሜ ነግሮታል፤ ወንድሜ ግን ለማንም ሳይናገር ስድስት ወር ይዞት ኖሮ፣ ከዚያ ደረጃ በኋላ አስጨንቄ ስጠይቀው ነው የነገረኝ። መሀል ለመሀል ያለው እይታው እየጠፋ ነው። ደቃቅ ነገር ማየት የሚችለው ምናልባት እስከ መጪው ዓመት መግቢያ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሰው ጥላና የመስኮት ብርሃን ይቀረዋል። እንግዲህ ቀኖቹን እናንተው ቁጠሩ። ፎርማዎቹ አሉ፣ እሳቱ አለ፣ ስድስቱ ጡብ ጠረጴዛው ሥር ተደርድሯል። ዛሬ ቢጀምር ቢያንስ አንዱን ክንፍ በገዛ ዓይኑ እያየ ቀብቶ ይጨርስ ነበር።

አይጀምርም። ወንድም ጋሼ፣ አልተከለከለም እኮ፣ ሁሉም ወሬ ነው ብዬ ብለምነው “አልተከለከለም የሚለውስ ወሬ አይደለም? ማኅተም አሳየኝ” ይላል። አንዴ በወሬ ተቃጥሏል፣ አሁን እውነቱን ቢነግሩትም አይሞቀው አይበርደው። ሬዲዮ ራሱ መጥቶ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠይቋል፤ ወንድሜ አነሣው፣ ሻይ አስቀረበለት፣ አላመነውም። ቀኑን ሙሉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከባዶው መደርደሪያ ፊት ይቀመጣል። መደርደሪያው ላይ ወታደሮቹ የቆሙበት ቦታ በአቧራው መካከል ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ንጹሕ ክብ ሆኖ ቀርቷል። እትዬ ቤቱን በቀን ሁለቴ የምታጸዳ ሴት ናት፣ እዚያ ግን ጨርቅ አታስነካም።

አምስተኛ፣ ይህኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ ብቻ አይደለም።

ወሬውን ተከትዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው የሰማው ከፋርማሲስቱ፣ ፋርማሲስቱ ከሬዲዮ፣ ሬዲዮ ደግሞ ያነበበው ከሰሌዳችሁ ነው። ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር አለች፦ “የብረት ወታደሮችን በተመለከተ የቀረበው ጥያቄ በኮሚቴው እየታየ ነው።” ከዚህ በላይ ምንም የለም። ጥያቄው ምን እንደሚል፣ ማን እንዳቀረበው አይገልጽም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ከአሥራ አራት ወራት በፊት ጠረጴዛው ላይ ክርኔን ጣልኩና የፈረሰኞቹ አዛዥ የያዘው ጦር ተሰበረ። ለወንድሜ መናገር ፈራሁ። በመስታወት ሣጥን ላስገባልህ ነው ብዬ ዋሽቼ ወደ ሱቄ ወሰድኩት፣ ከስቲኪኒ አዲስ ጦር ቀርጬ አስያዝኩት። ወንድሜ ደንብ አክባሪ ስለሆነ፣ የብረት ወታደር የእንጨት ጦር ቢይዝ ይፈቀዳል ወይ ብዬ በጨዋ ሰው ወግ ጻፍኩላችሁ። አዎ ወይም አይደለም የሚበቃው ነገር ነበር። እናንተም ይኸው ከዓመት በላይ እያያችሁት ነው፤ ስቲኪኒ ይህን ያህል ሊታይ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዱን ጦር ላድን ብዬ በጠየቅኩት ጥያቄ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን አስቀለጥኩ። ይህን ወንድም ጋሼ እስከዛሬ አያውቅም። ደብዳቤው ሲወጣ እትዬ ታነብለታለች፣ ያኔ ያውቃል። ቢያባርረኝም እሺ ነው፤ ብቻ እሳቱን ያንድድ።

ስለዚህ ይህ ሁሉ ምስጋና የተጻፈው ለአንድ ልመና ነው። የብረት ወታደር አልተከለከለም የሚል አንድ መስመር ጽፋችሁ፣ ሥሩ ላይ ማኅተማችሁን አሳርፉልኝ። ስብሰባ አያስፈልገውም፣ መጽሐፉም አይነካም፣ ምክንያቱም የተለወጠ ደንብ የለም። የልመናዬ ሁሉ ክብደት፣ የሌለውን ነገር “የለም” እንድትሉልኝ ብቻ ነው። ለወሬ መልስ አለመስጠት ክብራችሁ ከሆነ፣ ይህን እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ አንድ ሽማግሌ ሰው ጠዋት ቁጠሩልኝ። የቀሩት ጠዋቶች ጥቂት ናቸው። እባካችሁ።

መልሳችሁን በየቀኑ የፖስታ ሣጥኔን ሁለት ጊዜ እየከፈትኩ የምጠብቅ፣ ለማይጠየቀው ደንባችሁ የምገዛ፣ የኮረብታና የድልድይ ሠሪ፣ ጦሩ ያለቀበት ጦረኛ፣ ባለ ስቲኪኒው የአንድ ፈረሰኛ ሞግዚት፤

ፍሬም ሠሪው

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ሳምንት ደግሜ ስመጣ በራችሁ በነፋስ አይዘጋም ነበር። ለናሙና ያስቀራችሁት ጡብ ደግፎ ይዞታል። እባካችሁ ገልብጣችሁ ሥሩን አንብቡት፤ “ፈረሰኛ፣ ቀኝ ክንፍ፣ ሠላሳ አንድ ሰውና አንድ ከበሮ መቺ” ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በር ጠብቀው አያውቁም፣ ሁልጊዜ የሚቀድሙት እነሱ ነበሩ። ወረቀትና ማኅተም ከቸገራችሁ ይቅር፤ በዚያው ብረት ላይ በምስማር “ይፈቀዳል” ብላችሁ ጫሩና መልሱልን። ወንድሜ በጣቱ ዳብሶ ያነበዋል። እናንተ ጉዳዩን አይታችሁ በምትጨርሱበት ጊዜ፣ ሌላውንም ሁሉ የሚያነበው እንደዚያ ነው።