ውሃ የማይጠጣበት ገበያ

ረቡዕ
ጎኔን ቀስፎ ይዞኛል። ከወገቤ ተነስቶ ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል። ሽንቴ ያቃጥላል፣ እንደ ሻይ ጠቁሯል። ባሌ ሰዒድ «ብርድ ነው፣ ፌጦ ጠጪበት» አለኝ። ለሱ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ትኩሳቱ ሲብስብኝ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሐሙስ
ትናንት ሁሉን ጽፌ መጨረስ አቅቶኝ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ቁጣዋ ግን የአክስት ነው። ሽንቴን አስመርምራ «ኢንፌክሽኑ ኩላሊትሽ ደርሷል» አለችኝ። ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ። ሁለቱ ኩላሊቶች በጀርባ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር ናቸው። ደም በነሱ ሲያልፍ ይጣራል፤ ቆሻሻው ከውሃ ጋር በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ውሃ ካነሰ ሽንቱ ይወፍርና ጠጠር ይሠራል። ፊኛ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ጀርም ይራባበትና ሽቅብ ይወጣል።

«ገበያ ስትውይ ስንቴ ትሸኛለሽ?» አለች።

ሳቄ መጣ። ውጫሌ ገበያ ሻሽ ስሸጥ ስውል መቼ ሸንቼ አውቃለሁ? የትስ ሄጄ? ወንዱ አጥር ጥግ ይቆማል። እኛ ውሃ አንጠጣም፣ በቃ። እናቴም ይህንን ጨዋነት ብላ ነው ያስተማረችኝ።

«እንዲህ ከቀጠልሽ ኩላሊትሽን ታጫለሽ» አለችኝ።

ዓርብ
መድኃኒቱ ያቅለሸልሸኛል። ሰዒድ ከጁምዓ ሲመለስ «ገበያው ይቅርብሽ» አለኝ። አዝኖልኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንጀቴ አረረ። ሽንት ቤት ይሠራላቸው የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ለሴት የሚታዘዘው መድኃኒት ሁሌ ቤት መዋል ነው። ቤት ከዋልኩ ደንበኛዬን ሌላ ይወስደዋል፤ ከዚያ የሰው እጅ ማየት ነው።

ቅዳሜ
ሄድኩ። ሚኒባስ ላይ ጀምሬ ውሃ ጠጣሁ። ገበያው ላይ አጠገቤ ቅመም የምትሸጠው ፋጡማ ስጠጣ አይታኝ «ኧረ ምን ነካሽ፣ የት ልትሄጅ ነው?» አለች።

ከሻይ ቤቱ ጓሮ ሽንት ቤት አለ፤ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። ጠየቅሁት። «ለተስተናጋጅ ብቻ» አለ። ሻይ አዘዝኩ። «ለሴት አይመችም» አለ። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል። ሀፍረቴን ዋጥኩና «ኩላሊቴ ታሟል፣ ሽንቴ መጥቷል፣ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። አቀርቅሮ ሰጠኝ።

ስወጣ ፋጡማ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ሽንኩርት ሻጯ፣ ከዚያም የማላውቃቸው ሴቶች። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። አልቅሽ አልቅሽ አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን እያንዳንዳችን ለብቻችን ስንቃጠል ኖረናል። ቁልፉን ለፋጡማ ሰጠኋት። ሰውዬው ለሚመጣው ቅዳሜ ይስጠን አይስጠን፣ እንጃ።